ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከጫካው ልጀምር። ጫካ ስል ትልቅ ደን እንዳይመስላችሁ። ጉለሌ፣ ከዊንጌት አለፍ ብሎ መንደሩ ወደ ወንዙ ሲያዘቀዝቅ ቁልቁለቱ ላይ የቆመ፣ ሰው ሲጋራ ለኩሶ ሳይጨርስ ዞሮት የሚመለስ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ስብስብ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ደጃዝማች ጓሮ ነበር። በ1967 የከተማ ቦታ አዋጅ ሲወጣ ደጃዝማቹ ሄዱ፣ አጥሩ ፈረሰ፣ ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ጫካውም «የሕዝብ» ተባለ። የሕዝብ በተባለ በሳምንቱ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ድርሻውን ሊወስድ መጣ። እኔም መጥቻለሁ። ለዶሮ ቤት የሚሆን አንድ የጽድ ግንድ ወስጃለሁና፣ ሌላውን ብቻ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ።

ከደጃዝማቹ ንብረት ሳይወረስ የቀረ ነገር ቢኖር ዘበኛቸው ኡርጌሳ ነበር። ከሰላሌ በወጣትነቱ መጥቶ ሃያ ዓመት ያንን በር ጠብቋል። ሚስቱ ዓለሜ ከአብዮቱ አንድ ዓመት ቀድማ ሞታበታለች። ልጅ አልወለዱም። ከጫካው አፋፍ ያለችው የዘበኛ ክፍል ለማንም ስለማትመች የሚፈልጋት ጠፋና እሱ እዚያው ቀረ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲቆጣ ድምፁ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ሰው ነበር። የሚኖረው የሰው እንጨት እየፈለጠ፣ የሰው ደጅ ሣር እያጨደ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሲሞት «ይህን የመሰለ ደረት ለምን ሥራ ይፈታል» ተባለና ጥሩምባው ለጋሽ ኡርጌሳ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ሰው ባረፈ ቁጥር ማለዳ እየዞረ የሚነፋው፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚናገረው እሱ ሆነ።

ጫካውን ጠብቅ ያለው ማንም የለም። ግን መጥረቢያ ሲሰማ ይወጣል።

«የሕዝብ ነው! አንተ የባላባት አሽከር፣ ምን አገባህ?» ይሉታል።

እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሕዝብ ከሆነማ የኔም ድርሻ አለበት። የኔ ድርሻ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ገና አልተለየም። እስኪለይ ሁሉንም ተወው» ይላል።

ይህን ክርክር የረታው ሰው አላየሁም። ሳይረቱት የሚቆርጡ ግን ሞልተዋል። ለቅሶ ሊጠራ የሚወጣበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ጥሩምባው ወዲያ ማዶ ሲሰማ መጥረቢያው ወዲህ ይጀምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቁልቁለቱ በአንድ በኩል ተራቆተ።

በ1973 ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራ አለና የተራቆተው ወገን ተናደ። ከሥር የነበረውን የእትዬ ገበያነሽን ማድ ቤት ግማሹን ይዞት ወንዝ ገባ። እትዬ ገበያነሽ ጠላ ሻጭ ናቸው። ሰው አልተጎዳም እንጂ ስድስት እንስራ ጠላ አብሮ ሄዷል። እሳቸው «ወንዙ የዚያን ቀን ሰክሮ ነው የወረደው» እያሉ ያስቁናል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ቤት ያድራሉ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኛ እስከዚያ ቀን ስንልስ ነበር።

በዚያው ሳምንት በእድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ኡርጌሳ ተነሣ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩና የተናገረውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። «መቃብር ለመቆፈር ስድስት ስድስት እየሆናችሁ ተራ ትገባላችሁ። አካፋው ያው ነው፤ ዶማውም ያው ነው። ለሞቱት የምትቆፍሩትን ያህል ለቆሙትም ቆፍሩ» ነበር ያለው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ስብሐት በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ያረጁ፣ ደንብን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው። «በደንባችን ውስጥ ዛፍ የሚል ቃል የለም» አሉ።

«ከሌለ ይጻፋ!» አለች ጀዊሪያ፣ የባለሱቁ የሙዘይን ሚስት። «ለድንኳን ካስማ ስትፈልጉ የት ነው የምትሮጡት? ደንቡ ጋ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹም አፈሩ፤ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ሰው ካልሞተ የመቃብር ተረኞቹ ስድስት ሰዎች እሑድ ጠዋት ጫካ ይወርዳሉ። በተናደው በኩል እርከን ይሠራሉ፣ የወይራና የጽድ ችግኝ ይተክላሉ፣ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ያጥራሉ። እርከን ከመካብ መቃብር መቆፈር ይሻለኛል ብሎ ሰው እንዲሞት የሚመኝ ሰነፍም አልጠፋም። ሆኖም በሦስት ክረምት ቁልቁለቱ ረጋ። እትዬ ገበያነሽም ማድ ቤታቸውን መልሰው ሠሩ፣ ዝናብ ሲመጣም ቤታቸው ማደር ጀመሩ።

1976 ሲያልቅ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ሁሉ ሽር ጉድ ይል ነበር። የኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ ብርሃኔ፣ ከአዲሱ ገበያ በሚመጣው መንገድ ዳር ያሉት ደሳሳ ቤቶች ለእንግዳ እንዳይታዩ እንዲያሳጥር ታዘዘ። ጓድ ብርሃኔ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። የታዘዘውን በቀኑ ያላደረሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ለአጥሩ የሚሆን ቋሚ ሲያጣ ዓይኑ ጫካው ላይ አረፈ። ለእድሩ ቢነግር ክርክር እንደሚነሣ ስለገባው ዘዴ ፈጠረ። ነሐሴ ሃያ ገደማ፣ እሑድ ጠዋት፣ ነዋሪው በሙሉ አዳራሽ ገብቶ እንዲሰበሰብ አዘዘ። የቀረ ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። እኛ ስለ በዓሉ ዝግጅት ንግግር ስንሰማ የጭነት መኪናው በወንዙ በኩል ገብቶ ሥራውን ይጨርሳል። ይህን ሁሉ ያወቅነው ኋላ ነው።

ከጓድ ብርሃኔ ስብሰባ የሚያስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታምሜአለሁ ብትል ማስረጃ ትጠየቃለህ፣ ምጥ ለያዛት እንኳ ምስክር ይፈለግ ነበር። ጥሩምባ ከተነፋ ግን በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ራሱ እድርተኛ ነውና ጠመንጃውን አንግቶ አብሮህ ይወጣል። ሞትን «ተቀመጥ» የሚል ሊቀመንበር ገና አልተሾመም። በዚህም ምክንያት ጥሩምባ ነፊ ከስብሰባ ነፃ ነበር፤ ጋሽ ኡርጌሳ ያን ዕለት አዳራሽ አልገባም።

አራት ሰዓት ላይ ጥሩምባው ተነፋ።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ማነው? ማነው?» ይባባላል ሰዉ። «ጓዶች፣ ተቀመጡ! ጓዶች!» የሚለውን የጓድ ብርሃኔን ድምፅ የሰማው የለም። እኔ እናቴን አተኩሷት ቤት ትቻት ነው የመጣሁት። ስወጣ ጋሽ ኡርጌሳ መንገዱ መሀል ቆሟል። ላብ አጥምቆታል። የማንንም ስም አልጠራም።

«ማን አረፈ?» አሉት አቶ ስብሐት።

«ኑ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ፊቱን አዞረና ወደ ቁልቁለቱ መራን።

ስንደርስ አሥራ አንድ ጽድ ወድቋል። መኪናው እርከናችንን ደርምሶ ገብቶ፣ አራት ሰዎች በሁለት መጋዝ አሥራ ሁለተኛውን ይዘዋል። ለቅሶ ልንደርስ የወጣን ሦስት መቶ ሰዎች ቁልቁለቱ ላይ ቆምን። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ያውም በሱ ላይ። እናቴን ገድሎ ያስነሣት ያህል ተናደድኩበት። አጠገቤ የነበሩትም «ምን ቆርጦት ነው በሞት የሚቀልድ!» ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ ገበያነሽ ግን ሰዉን አልፈው ሄዱና መጋዝ የተያዘው ጽድ ሥር፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ።

«ለለቅሶ ተጠርቼ ነው የወጣሁት» አሉ። «ሳልቀመጥ አልመለስም።»

ጀዊሪያ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያም ሌላዋ። በየዛፉ ሥር ሰው ሞላ። ዛፍ ቆራጮቹ የዕለት እንጀራ ያመጣቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። ነጠላ ባዘቀዘቀች ሴት ራስ ላይ ዛፍ የሚጥል ከየት ይምጣ? መጋዛቸውን አስቀመጡ። አንደኛው እንዲያውም ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጓድ ብርሃኔ እያለከለከ ደርሶ አየ። በዓሉ ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረም። ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ሦስት መቶ ሐዘንተኛ ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ ቢያይ ምን ብሎ ይመልሳል? መኪናው የወደቁትን ብቻ ጭኖ እንዲወጣ አዘዘ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ስብሐትንና እኔን አስጠራን። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ያገኘም አይመስልም።

«ሁለት መንገድ አለ» አለን። «ወይ ኡርጌሳ ጠጥቼ ነው የነፋሁት፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈርም። እንግዲያው ሰዉ የወጣው በሰካራም ወሬ ነው፤ ነገር የለም፤ መኪናዬም ነገ ይመለሳል። ወይ አውቄ ነው የነፋሁት ይበል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ጫካውን ይፈልገዋል ብዬ ወደ ላይ እጽፋለሁ፣ ጠብቁት ብዬም ለእድራችሁ አስረክባለሁ። ቋሚውን ከሌላ እፈልጋለሁ። ሰውዬውን ግን በደንባችሁ ትቀጡታላችሁ። ስብሰባዬን የበተነ ሰው በሰላም አይሄድም። እናንተ ካልቀጣችሁት እኔ እቀጣዋለሁ።»

እሱ የሚቀጣው ቅጣት ምን እንደሆነ አልጠየቅነውም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

የኛ ደንብ ደግሞ አያሻማም። ከጋሽ ኡርጌሳ በፊት የነበረው ነፊ አንድ የጥምቀት ማግስት ጠጥቶ፣ ለሞተች በቅሎው ጥሩምባ ነፍቶ መንደሩን አስለቅሶ ነበር። ከዚያ በኋላ «ሰው ሳይሞት ጠጥቶ ጥሩምባ የነፋ በገንዘብ ይቀጣል፣ አውቆ የነፋ ከእድሩ ይሰረዛል» ተብሎ ተጻፈ። ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለኛ አገር ሰው አይነገረውም። ሚስትና ልጅ ላለው እንኳ ከባድ ነው። ዘመዱ አገር ቤት ለቀረበት፣ ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ሰው ግን ሬሳህን የሚያነሣው ማዘጋጃ ቤት ነው እንደማለት ነው። ከሞት ይልቅ ይህን የሚፈራ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሄድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል።

«ጋሽ ኡርጌሳ፣ አንድ ቃል ናት እኮ» አልኩት። «ጠጥቼ ነበር በልና ይለፍ። ዛፍ መልሶ ይበቅላል።»

መጥረቡን ሳያቋርጥ «ይገዙ፣ አንተን መቼ ነው የዋሸሁህ?» አለኝ።

«አንድም ቀን።»

«እኔ በውሸት ነፋሁ ካልኩ ከእንግዲህ ጥሩምባ ሲሰማ ማን ይወጣል? ነገ የእናትህ ቀን ሲደርስ፣ አያድርገውና፣ ሰዉ 'ሰክሮ ይሆናል' ብሎ ቢተኛስ? ደግሞስ ገበያነሽን ምን ልበላት? እዚያ የተቀመጠችው ለስካሬ ነው ልበላት?» እጀታውን አስቀመጠና ዓይኑን አሸ። «ፈርቻለሁ። አልፈራም ብሎ ነበር ብለህ እንዳትጽፍ። ዓለሜን የቀበራት እድር ነው። እኔንም ከጎኗ የሚያስገባኝ እሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው።»

ምን ብዬ እንደተለየሁት አላስታውስም። 

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። ከጓድ ብርሃኔ የተላከ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። አቶ ስብሐት ጠየቁት፤ ጋሽ ኡርጌሳም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አውቄ ነው የነፋሁት» አለ። ዳኛው አንቀጹን አነበቡ። «የሚስማማ እጁን ያንሣ» አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እትዬ ገበያነሽ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ አንድ እጅ ተነሣ፣ ሁለት፣ አሥር። የኔም ተነሣ። የምኖረው የቀበሌ ቤት ነው፣ እናቴ ታማለች፣ ባንቀጣው የባሰ ያገኘዋል ብዬ በልቤ ደረደርኩ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እጄን ያነሣው ይህ አይደለም፤ ሐሞቴ ፈሶ ነው። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩና በስሙ ላይ መስመር አሰመርኩ። እሱ ከማስረከቡ በፊት የጥሩምባውን አፍ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

ጓድ ብርሃኔ ቃሉን ጠበቀ፤ ጫካው በደብዳቤ ለእድሩ ተሰጠ። ቋሚውን ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ አጥሩ ታጠረ፣ በዓሉ ተከበረ፣ ደሳሳ ቤቶቹም ከአጥሩ ጀርባ እንዳሉ ነበሩ። እኛም ለጫካው የራሳችንን ሕግ አወጣን። በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰፈር ይጠብቃል። ደረቅ እንጨት ዓርብ ዓርብ ብቻ ይለቀማል፣ ቀድመው የሚገቡት ጧሪ የሌላቸው ሴቶች ናቸው። እርጥብ የቆረጠ ስድስት እሑድ እርከን ይክባል። የቆረጠውን ሰው ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገንም፤ የሰፈራችን ሰው ጠላ ቤት ውስጥ ምስጢር መጠበቅ አይችልም። በአሥራ አንዱ ጽድ ቦታ ሠላሳ ተከልን። አሥራ ዘጠኙ ጸደቁ።

አዲሱ ጥሩምባ ነፊ ቦጋለ ትንፋሽ የለውም። ቤት ለቤት እየዞረ ቢያንኳኳ ይሻል ነበር። ጋሽ ኡርጌሳ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ዶማውን ይዞ ከተረኞቹ ቀድሞ ይወርዳል። «አንተ እኮ ተራ የለህም» ብሎ ቦጋለ ሊያሾፍበት ቢሞክር «ተራ የሌለው ሰው ሁልጊዜ ተራው ነው» አለው። ለቅሶም ይሄዳል፤ ድንኳን ውስጥ ከጥግ ይቀመጣል፣ እድሩ ካቀረበው ንፍሮ አይቀምስም። ያ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። እንመልሰው ብዬ ሁለት ጊዜ በስብሰባ አንሥቻለሁ፤ አቶ ስብሐት ሁለቱንም ጊዜ «ደንቡ መመለሻ አላበጀም» አሉ። ሁለት ጊዜ አነሣሁ ብዬ አልኩራራም። አራት ዓመት ነበረኝ።

በ1981 ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ገበያነሽ ቁርሱን ይዘውለት ሲሄዱ በሩ አልተከፈተም። ጎረቤት ተጠርቶ ተገፋ። በተኛበት አርፏል።

እየሮጥኩ አቶ ስብሐት ዘንድ ሄድኩ። ሰምተዋል። ደንቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። እንደማያውቁት ነገር ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እድሩ አይቀብረውም» አሉ። «ጥሩምባ አይነፋም። ድንኳን አይወጣም። ወንበር አይወጣም።»

አራት ዓመት ያጠራቀምኩትን ልናገራቸው አፌን ስከፍት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ጎረቤቴ ሞቷል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «አካፋ ይዘህ ና። የእድሩን እንዳትነካ፤ የቤትህን።»

በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን መቃብሩን ስንቆፍር እንደ ተራው ቢሆን ስድስት እንሆን ነበር። አካፋ ይዞ የመጣው ግን ከሃያ በላይ ስለሆነ እየተቀማማን ቆፈርን። ከዓለሜ ጎን አስገባነው። ሙዘይን ሱቁን ዘግቶ ከነልጆቹ መጥቷል። ፍታት ሲያበቃ፣ በመቃብሩ አፋፍ ቆሜ ዙሪያውን አየሁ። በእድር ቀብር የጸሐፊ ሥራ የቀሩትን መመዝገብ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ያን ቀን መዝገብ አልያዝኩም፣ ለመምጣትም የተገደደ ሰው አልነበረም። ልማድ ሆኖብኝ ግን ከመጀመሪያው ቤት ጀምሬ ስም በስም በልቤ ጠራሁ። የቀረ የለም። ያን መዝገብ ሃያ ሁለት ዓመት ያዝኩ፤ አንድም ሰው ያልቀረበት ቀብር ያ ብቻ ነው፤ እሱም የእድሩ ቀብር አልነበረም።